ምዕራፍ 6፦ ገጹ ስንት ይመዝናል?

ክሪስ ዘካራያስ ዩቲዩብ ውስጥ ኢንጂነር ሳለ የቪዲዮ ማሳያው ገጽ እስከ 1.2 ሜጋባይት ይመዝን ነበር። አንድ አንጋፋ ባልደረባው ገጹ ከ100 ኪሎባይት ማለፍ የለበትም እያለ ሲያማርር ሰማና ነገሩን ሊሞክረው ተነሣ። የማያስፈልገውን ሁሉ ጣለ፤ ከሰርቨር የሚጠየቁትን በርካታ ፋይሎች ወደ 14 አወረደ፤ ገጹም 98 ኪሎባይት ሆነ። ለሙከራው ያወጣለት ስም «ላባ» የሚል ነበር።

አዲሱ ገጽ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ተለቀቀና ልኬቱ መጣ። ገጹ ለመከፈት የሚወስደው አማካይ ጊዜ ጨምሯል። ከአሥር እጅ በላይ የቀለለ ነገር እንዴት ይዘገያል? መልሱ የተገኘው ቁጥሩ በየአካባቢው ሲከፋፈል ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከሳይቤሪያ ቀድሞ ያልነበረ ሰው ጎርፏል። በእነዚህ ቦታዎች ቀላሉ ገጽ እንኳ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። የቀድሞው ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚጠብቅ የለም፤ ጠብቆ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ አማካዩ ውስጥ አይገባም። ገጹ ሲቀልላቸው እነዚያ ሰዎች ቪዲዮ ማየት ቻሉ፤ መዘግየታቸውም ያኔ ተቆጠረ።

ዘካራያስ ይህን የጻፈው በ2012 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ድረ ገጽ ፍጥነት ካነበብኳቸው ጽሑፎች ውስጥ ለእኛ አገር እንደዚህ የቀረበ አላየሁም። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ገጹን የሚያየው ከሁሉ በተሻለ ሁኔታ ነው። ላፕቶፑ አዲስ ነው፤ ዋይፋዩ ከፋይበር የመጣ ነው፤ ገጹን ደጋግሞ ስለከፈተው ፎቶዎቹ ቀድመው ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ደንበኛው ግን ደባርቅ መናኸሪያ ቆሞ፣ በሞባይል ዳታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚከፍተው፤ እያንዳንዱ ሜጋባይትም ከጥቅሉ ላይ ይቀነስበታል። የምንነጋገረው ስለዚህ ሰው ነው። ጉግል ላይ ከፍ ብሎ መገኘት የሚባለውም ሥራ በአብዛኛው ይህን ሰው ከማሰብ የሚጀምር ነው።

ምልልስ

ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው የመስመሩን ስፋት ነው፤ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት ያሳልፋል የሚለውን። ርቀት ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ውድ ጥቅል በመግዛትም አይታጠፍም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ግዙፍ የሰርቨር ማዕከሎች እስከታጨቁባት የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ 110 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ደግሞም ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም። ወደብ ስለሌለን መስመሩ በጎረቤት አገር፣ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል አልፎ ነው ባሕር የሚገባው፤ ከዚያ ገና አህጉርና ውቅያኖስ ያቋርጣል። ስልኩ ከአንቴናው ጋር የሚጨቃጨቅበት ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራል።

ይህን አንድ ሄዶ መመለስ ምልልስ እንበለው። ገጽ በአንድ ምልልስ አይከፈትም። ስልኩ መጀመሪያ የድረ ገጹ ስም ወደ ቁጥር አድራሻ እንዲቀየርለት ይጠይቃል። ቀጥሎ ከሰርቨሩ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ይህ አንድ ምልልስ ነው። ከዚያ ንግግራቸውን ሌላ እንዳይሰማው ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 ይህን ወደ አንድ ምልልስ አሳጠረው እንጂ የቀደመው ሁለት ይፈልግ ነበር። «ገጹን ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ የሚሄደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ፊደል ሳይታይ የሰከንድ ሲሶ አለፈ፤ ያውም ኔትወርኩ መልካም ከሆነ።

ሰርቨሩም ሲመልስ ያለውን በአንዴ አያፈስም። መስመሩ ምን ያህል እንደሚሸከም ስለማያውቅ በመጀመሪያው ዙር 14 ኪሎባይት ያህል ብቻ ይልካል፤ በሰላም መድረሱ ሲነገረው እጥፉን፣ ከዚያ የዚያን እጥፍ። 14 ኪሎባይት ውስጥ የገባ ነገር በአንድ ምልልስ ይደርሳል፤ 200 ኪሎባይት የሆነው አራት ይፈልጋል። ስለዚህ የገጹ አናት፣ ማለትም ርዕሱ፣ ዋናው ጽሑፍና ለአናቱ መልክ የሚሰጠው የሲኤስኤስ ትእዛዝ በዚያች የመጀመሪያ ጭነት ውስጥ ቢገባ አንባቢው ሌላው እስኪመጣ ማንበብ ይጀምራል።

በዚህ ሂሳብ ስናየው በየድረ ገጹ ያለው የማዘዋወር ልማድ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገባናል። ደንበኛው በኤችቲቲፒ ይገባል፤ ሰርቨሩ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ይመራዋል፤ ያኛው ሦስቱ ዳብልዩ ወዳለበት አድራሻ ይልከዋል፤ ይህም «ሆም» ወደሚባል ሌላ አድራሻ። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ምልልስ ነው፤ ስሙ ከተቀየረ ሰላምታውም ቁልፉም እንደ አዲስ ይጀመራል። አንድ ቀጥተኛ ማዘዋወር ብቻ እንዲኖር ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚያየው ሰው ስለሌለ ነው የሚቆየው።

ርቀቱን ራሱን ማሳጠርም ይቻላል። ሰርቨሩ ከአሜሪካ ይልቅ አውሮፓ ቢሆን ከመንገዱ ግማሹ ገደማ ይቀራል። ሲዲኤን የሚባሉት አገልግሎቶች ደግሞ የገጹን ቅጂ በየከተማው ያስቀምጣሉ፤ ናይሮቢ ላይ የተቀመጠ ቅጂ አትላንቲክን ማቋረጥ አይጠበቅበትም። ብዙዎቹ ለትንሽ ድረ ገጽ በነፃ የሚሰጥ ደረጃ አላቸው። ሰርቨሩ ጽሑፉን በጂዚፕ ወይም በብሮትሊ ጨምቆ እንዲልክ፣ የማይለወጡ ፋይሎችም በአንባቢው ስልክ ለረጅም ጊዜ እንዲቆዩ ማዘዝ የሰርቨር ቅንብር ጉዳይ ነው። ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ባለሙያ በስልክ ነግሮ ማስደረግ ይቻላል።

አምስቱ ፎቶዎች

ጎንደር ውስጥ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለ እንበል። ባለቤቷ ለወንድሟ ልጅ ነግራ ዎርድፕረስ ላይ ገጽ አሠራች። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ የተሠሩ ናቸው። አናቱ ላይ በራሳቸው የሚቀያየሩ አምስት ፎቶዎች ተቀመጡ፦ የፋሲል ግንብ፣ ግቢው፣ መኝታ ክፍሉ፣ ቁርሱ፣ የጥምቀት በዓል። የተነሡት በስልክ ነው። እያንዳንዳቸው 4,000 በ3,000 ፒክስል፣ ከ3 እስከ 4 ሜጋባይት።

አሁን ከተቀባዩ በኩል እንየው። የተለመደ የስልክ ስክሪን ወርዱ 720 ፒክስል ቢሆን ያ ፎቶ ሲታይ የሚይዘው 720 በ540 ነጥብ ነው። 12 ሚሊዮን ነጥብ ተልኮለት 390,000 እንኳ አይሞላም፤ ሌላውን ስልኩ ይጥለዋል፤ ከሠላሳው ሃያ ዘጠኙ ማለት ነው። ጉግል ለገንቢዎች ያዘጋጀው ላይትሃውስ የተባለ መለኪያ የዝግተኛ ሞባይል መስመርን አቅም በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት ይወስዳል፤ 200 ኪሎባይት በሰከንድ። በዚህ መስመር አምስቱ ፎቶዎች ለመድረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃሉ። እንግዳው እስከዚያ ሌላ ቤት ደውሏል።

ጽሑፍ ግን ምንም አይመዝንም ማለት ይቻላል። በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ሦስት እጥፍ ነው ብሎ የሚያለቅስ ሰውም ገጥሞኛል። እንዲያም ሆኖ ይህ ምዕራፍ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ሳይጨመቅ ከ50 ኪሎባይት በታች ነው። ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱ ይህን ምዕራፍ ስልሳ ጊዜ ይሸከማል። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ያሉት አባቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ትክክል ነበሩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፎቶው ከመጫኑ በፊት በሚታይበት ልክ ይቀነስ፤ ከዚያ ወደ ዌብፒ ይቀየር። ይህ ጉግል በ2010 ያወጣው የምስል ዓይነት ሲሆን፣ በራሱ በጉግል ልኬት ተመሳሳይ ጥራት ካለው ጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል። ለስልክ የተዘጋጀው የፋሲል ግንብ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ዎርድፕረስ ራሱ ፎቶውን በተለያየ መጠን አባዝቶ ስልክ ለስልኩ፣ ላፕቶፕ ለላፕቶፑ የሚሆነውን እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ግን ገጹን ያስጌጠው ሰው ዋናውን ፋይል በቀጥታ ከደነቀረው ይህ ዝግጅት ይታለፋል።

ተቀያያሪውን ነገር እኔ ብሆን አስወግደዋለሁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፎቶ የሚጠብቅ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ክብደታቸውን ግን ሁሉም ይከፍላል። አንድ ጥሩ ፎቶ አናቱ ላይ ይቅር፤ ሌሎቹ ወደ ታች ወርደው አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ይደረግ። ዘመናዊ ብራውዘሮች ይህን በአንዲት ቃል ትእዛዝ ይፈጽማሉ። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት አለ፦ ትእዛዙን ከአናቱ ፎቶ ጭምር ሁሉም ላይ መለጠፍ። የአናቱ ፎቶ መቅደም ሲገባው ወረፋ ይጠብቃል፤ ገጹን ለማፍጠን የተደረገው ያዘገየዋል።

ለእያንዳንዱ ፎቶ ወርዱንና ቁመቱን ኮዱ ውስጥ መጻፍም አይረሳ። ያልተነገረው ብራውዘር ቦታ ሳይዝ ጽሑፉን ያሳያል፤ ፎቶው ዘግይቶ ሲደርስ ጽሑፉን ገፍቶ ያወርደዋል። የስልክ ቁጥሩን ሊነካ ጣቱን የሰነዘረ ሰው ማስታወቂያ ይነካል። እንዲህ የሚንሸራተት ገጽ ከዝግተኛው በላይ ያናድዳል።

ዳታ የሚበላው ፎቶ ብቻ አይደለም፤ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የገጹ ፕሮግራም የስልኩን ጉልበት ጭምር ይበላል። ፎቶ ከወረደ በኋላ ይሣላል፣ አለቀ። ፕሮግራም ግን ወርዶ መነበብ፣ መተርጎም፣ መሠራት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው የደንበኛው ስልክ ነው፤ ርካሽ ስልክ ደግሞ ከገንቢው ላፕቶፕ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። የእንግዳ ማረፊያው ገጽ ላይ የተሰካ የዩቲዩብ ቪዲዮ አለ፤ የጉግል ካርታ አለ፤ የፌስቡክ ሳጥን አለ፤ ጥግ ላይ «ልርዳዎት?» የሚል የውይይት ቁልፍ ይዘላል። እነዚህ ሁሉ ማንም ሳይነካቸው ፕሮግራማቸውን ያወርዳሉ። በቪዲዮው ፋንታ ሲነካ ብቻ ቪዲዮውን የሚጠራ ፎቶ ማስቀመጥ ይቻላል። በካርታውም ፋንታ ወደ ካርታው የሚወስድ ሊንክና «ከፒያሳ ወደ ታች፣ ከግንቡ አጥር ጎን» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ለባለታክሲው የሚነገረውም ይኸው ነው። የውይይት ቁልፉን በተመለከተ፣ እንግዳው ዋጋ ሊጠይቅ የሚደውለው በስልክ ነው፤ ሲነካ የሚደውል ቁጥርና የቴሌግራም ሊንክ ከሱ ይሻላሉ። ዎርድፕረስ ላይ ተሰክተው የተረሱ ፕለጊኖችም አሉ፤ ምን እንደሚሠራ ማንም የማያስታውሰው ሁሉ ይነቀል።

የፊደሉ ነገር

የአማርኛ ገጾች ሌላው ያልታሰበበት ሸክም ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ በላቲን ኮድ ላይ በተደረበ ፎንት ወይም እንደ ፎቶ ይወጣ ነበር፤ የፍለጋ ሞተር ትርጉም የሌለው የላቲን ድርድር ወይም ባዶ ሥዕል ነበር የሚያየው። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ያሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የግዕዝ ፊደል ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት።

ሆኖም ውበት ፈልጎ የራስን ፎንት ከገጹ ጋር መላክ ተለምዷል። ለላቲን ይህ ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን ዋናው የዩኒኮድ ክፍል ብቻ ከ350 በላይ ምልክቶች አሉት፤ ቀጭኑና ደማቁ ደግሞ ለየብቻ ፋይል ናቸው። ብዙ ብራውዘሮች ፎንቱ እስኪደርስ ጽሑፉን እስከ 3 ሰከንድ ይደብቃሉ፤ ገጹ ደርሶ ባዶ ይታያል። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ዋናው ጽሑፍ በስልኩ በራሱ ፊደል ይነበብ። ለርዕስ የተለየ ፎንት የግድ ከሆነ አንድ ብቻ፣ በዎፍ2 ዓይነት የተጨመቀ፣ እስኪደርስም በስልኩ ፎንት እንዲታይ የታዘዘ ይሁን።

ጉግል የሚቆጥረው

ጉግል ፍጥነትን በደረጃ አሰጣጡ ውስጥ ማስገባቱን የተናገረው በሚያዝያ 2010 ነው፤ ያኔ ለውጡ ከፍለጋዎች 1 በመቶ በማይሞሉት ላይ ብቻ እንደሚታይ ገልጾ ነበር። በ2018 ወደ ሞባይል ዘረጋው፤ እሱም እጅግ ዝግተኛ የሆኑትን ገጾች ብቻ የሚነካ ነበር። በ2020 ሦስት መለኪያዎችን አስተዋወቀ፤ በቀጣዩም ዓመት በሞባይል ፍለጋ ውስጥ አስገባቸው። አንደኛው በስክሪኑ ላይ ትልቁ ነገር እስኪታይ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛው ሰው ሲነካ ገጹ እስኪመልስ ያለው ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ የሚለካው አይኤንፒ በተባለው ሲሆን ወሰኑ 200 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሦስተኛው ያ የገጽ መንሸራተት ነው፤ ከ0.1 መብለጥ የለበትም።

ልኬቱ የሚወሰደው ክሮም ብራውዘር ከሚጠቀሙ እውነተኛ ሰዎች ነው፤ ከአራቱ ጉብኝቶች ሦስቱ በወሰኑ ውስጥ ከሆኑ ገጹ አልፏል ይባላል። ሁለት ነገር ልብ ይባልልኝ። ጎብኚው ጥቂት የሆነ ድረ ገጽ በቂ ልኬት ስለማይሰበሰብለት ይህን የሚያሳየው የጉግል ሠንጠረዥ ባዶ ይሆናል፤ የጎንደሩ ማረፊያም ይህ ሊገጥመው ይችላል። ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሰውም ከቁጥሩ ውጭ ነው። ሌላው አራተኛው ጉብኝት ነው። እሱ የቱንም ያህል ቢዘገይ ምልክቱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አገር ደግሞ አራተኛው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከከተማ ትንሽ ወጣ ማለት ይበቃል።

እንግዲህ ሐቁን እንነጋገር፦ ፍጥነት ብቻውን ማንንም አንደኛ አያደርግም። ጉግል ራሱ ለጥያቄው የሚስማማ መልስ ያለው ገጽ ዝግተኛም ቢሆን እንደሚቀድም ይናገራል። ፍጥነት የሚለየው ተመጣጣኝ መልስ ያላቸውን ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የመጣው ሰው እንዳይመለስ ያደርጋል። «ገጽዎን አፍጥነን አንደኛ እናወጣዎታለን» የሚል ሻጭ ሲመጣ ይህ ይታወስ።

አልጋ የሚፈልግ ሰው

አንደኛ የሚያደርገው ነገር ካለ ቃል ነው። ባለቤቷ ቤቷን «የእንግዳ ማረፊያ» ትላለች፤ ገጹም ያንኑ ይላል። ከመተማ ጭኖ የሚመጣ ሹፌር ግን የሚፈልገው «አልጋ» ነው። ከዋሽንግተን ለጥምቀት የሚመጣው ዘመድ «ጎንደር ሆቴል» ብሎ በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ያውም የከተማዋን ስም አንዱ መጨረሻው ላይ በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኢ»። የአያቶቹን ቀዬ ወለቃን ሊያይ ከእስራኤል የሚመጣ ቤተሰብ የሚጽፈው «ወለቃ አጠገብ» ሊሆን ይችላል። ገጹ እነዚህን ቃላት አንዴም ካልያዘ የፍለጋ ሞተሩ ከየት ያምጣቸው?

የብራውዘሩ አናት ላይና በፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየው ርዕስ ከሁሉ የላቀ ቦታ ነው። የስንቱ ድረ ገጽ ርዕስ «ሆም» ወይም «እንኳን ደህና መጡ» ነው! እንኳን ደህና መጡ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። «ጎንደር ፋሲል ግንብ አጠገብ አልጋ፤ ዋጋና ስልክ» የሚለው ግን ሰው የሚጽፈውን ይዟል፤ በስልክ ስክሪን ስለሚቆረጥ ዋናው ቃል መጀመሪያ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ይኑረው። ከርዕሱ ሥር የምትታየው መግለጫ ደረጃ አታስጨምርም፤ ነገር ግን ሰው ከአሥሩ ውጤት የትኛውን እንደሚነካ የምትወስነው እሷ ናትና በሁለት ዐረፍተ ነገር በጥንቃቄ ትጻፍ። ቁልፍ ቃላትን በኮዱ ውስጥ በድብቅ መደርደር ዋጋ የለውም፤ ጉግል በመስከረም 2009 እንደማያያቸው በግልጽ ተናግሯል፤ ዛሬም ግን በዚህ ገንዘብ የሚያስከፍሉ አሉ።

ሆሄያችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ኮዶች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ድምፁን ሳይለውጡ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱ ጸዎች በስድስት የሀ መልኮች ሲባዙ። ሞተሩ ሁሉን ያዛምድልኛል ብሎ መተማመን አይገባም። ርዕሱ በትክክለኛው ሆሄ ይጻፍ፤ ሰው አብዝቶ የሚጽፈው ሌላ መልክ ካለ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በጥያቄና መልስ ክፍል፣ ይግባ። ሁሉንም መደርደር ግን ገጹን የተማሪ ደብተር ያስመስለዋል። ግስና ስምም በአማርኛ ቅጥያ ስለሚለብሱ «አልጋ»፣ «አልጋዎች»፣ «ባለ ሁለት አልጋ» በተፈጥሮ መንገድ መግባታቸው ይጠቅማል።

በአድራሻው ላይ ግን የላቲን ፊደል እመርጣለሁ። ፊደላችን አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ በ9 ምልክት ይተካል፤ አራት ፊደል ያላት «ጎንደር» 36 ምልክት ትሆናለች። ይህን ሰው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ረጅም የመቶኛ ምልክት ሰንሰለት ይወጣል፤ ቫይረስ ይመስላል፤ ማንም አይነካውም። አገራችን ውስጥ ሊንክ ከሰው ሰው የሚሄደው በብዛት በቴሌግራም ስለሆነ ሊንኩ ሲላክ የሚወጣው ርዕስና ፎቶም በኮዱ ውስጥ በትክክል መቀመጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይዘቱ ነው። ለባለቤቷ በየቀኑ እየተደወለ የሚጠየቀውን መጻፍ፦ ሙቅ ውኃ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ? አይሱዙ ግቢ ይገባል? በጥምቀት ሰሞን ዋጋው ስንት ነው? ከጥምቀተ ባሕሩ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ እንደ ንዑስ ርዕስ ቢቀመጥና ሥሩ በሁለት መስመር ቢመለስ፣ ብዙ ሺህ ብር ከሚያስከፍል ምክር የተሻለ ይሠራል። ስለ ጥምቀት የሚጻፈው ገጽም በየዓመቱ አዲስ አይከፈት፤ በአንድ አድራሻ ላይ ጥር 11 ሲቃረብ ይታደስ፤ ሰዎች ባለፉት ዓመታት የሰጡት ሊንክ ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል።

በዋጋ ዝርዝር ፋንታ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ፎቶ አንሥቶ መለጠፍም ይቅር። ይህ ከመሥሪያ ቤቶቻችን የተማርነው ልማድ ነው፤ ማስታወቂያው ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ስካን ተደርጎ እንደ ሥዕል ይወጣል። ቀድቶ መላክ አይቻልም፤ ለዓይነ ስውር የሚያነብለት ፕሮግራም አያነበውም፤ በፍለጋም ይወጣል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለእውነተኛ ፎቶ ደግሞ ካሜራው የሰጠውን ቁጥር ትቶ ይዘቱን የሚናገር የፋይል ስምና በኮዱ ውስጥ የተጻፈ አማራጭ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፦ «ባለ ሁለት አልጋ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ግንቡ»።

ገጹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁለቱ ለየብቻ አድራሻ ይኑራቸው፤ አንዱ የሌላው አቻ መሆኑም ኮዱ ውስጥ ይነገር። ለስልክ ተብሎ ይዘት መቀነስ አደጋ አለው፤ ጉግል በ2023 ተጠናቀቀ ባለው ለውጥ ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው፤ በስልኩ መልክ ላይ የሌለ ክፍል ጭራሽ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል ነፃ አገልግሎት ሰዎች በምን ቃል ፈልገው ይህን ገጽ እንዳዩት ያሳያል። ባለቤቷም ሆነች የወንድሟ ልጅ በወር አንዴ ቢከፍቱት የሚፈልጉት መስመር አንድ ዓይነት ነው፦ ብዙ ጊዜ የታየ፣ ጥቂት ጊዜ የተነካ ቃል። እዚያ ላይ «ጎንደር አልጋ ዋጋ» ካለና የሚነካው ከሌለ ሰው ዋጋ ፈልጎ በርዕሱና በመግለጫው ላይ አላየውም ማለት ነው። ዋጋው ይጻፍ። ለውጡ በውጤቱ ላይ እስኪታይ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ በመሀል ሌላ ነገር መለወጥ የትኛው እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።